የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የአሮጌ መኪና የወለል ምንጣፍ መለወጥ

ጥያቄ፦ በ1969 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ከአባቴ የወረስኩት ቮልስዋገን አለኝ። ለብዙ ጊዜ ሆጤ በሚገኘው ግቢያችን ቆሞ ስለ ነበር የውስጡ ምንጣፍ በስብሶ በእጅ ሲነካ ይበጣጠሳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከሾፌሩ እግር ሥር ውኃ ይቋጥራል። ሞኬት በሜትር ገዝቼ ራሴ ላለብሰው አስቤአለሁ። ከየት ልጀምር? ማስቲሽስ ሁሉም ቦታ ልቀባ?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ሞኬቱን ለመግዛት አይቸኩሉ። በደብዳቤዎ እግረ መንገድዎን የጠቀሱት፣ ከሾፌሩ እግር ሥር የሚቋጥረው ውኃ፣ ከምንጣፉ ይልቅ ያሳስበናል፤ ምንጩ ሳይታወቅ የተነጠፈ አዲስ ምንጣፍ እርጥበቱን ከታች አፍኖ ስለሚይዝ ላሜራው ባዶውን ቢቀር ከሚዝገው ፈጥኖ ይበላል። የእርስዎ ቮልስዋገን ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ መኪናው ራዲያተር የለውም፤ እንግዲያው ወለሉ ላይ የሚገኘው ውኃ ሁሉ ከውጭ የገባ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገባውም በደረቀና በተሰነጠቀ የፊት መስታወት ጎማ፣ በፊተኛው ኮፈን ዙሪያ ባለው ጎማ ወይም በበሮቹ በኩል ነው። በመስታወቱ ጠርዝ ወደ በሩ ሆድ የሚወርደው የዝናብ ውኃ ከግርጌ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች እንዲፈስ ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ ቀዳዳዎቹ በአፈርና በዝገት ሲደፈኑ፣ ወይም ከበሩ የውስጥ ልባስ ጀርባ ያለው መከላከያ ሲቀደድ፣ ውኃው ወደ መኪናው ውስጥ ይዞራል። ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ መጥረግ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይለዩ። በፔዳሎቹ ሥር ያለው እርጥበት በጣት ሲዳሰስ የሚያሟልጭ፣ በቶሎ የማይደርቅና የወለሉን ቀለም የሚልጥ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው። የዚህ መኪና ዋናው የፍሬን ፖምፓ ከፔዳሎቹ ፊት ለፊት፣ ከግድግዳው ባሻገር የተቀመጠ በመሆኑ የውስጥ ጎማው ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ሾፌሩ እግር ይመጣል። እንዲያ ከሆነ የምንጣፉን ነገር ለጊዜው ይተዉትና፣ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ከመውረድዎ በፊት ለፍሬን ሠራተኛ ያሳዩት።

የውኃውን መግቢያ ለማግኘት ወንበሮቹንና አሮጌውን ምንጣፍ አውጥተው በወለሉ ላይ ጋዜጣ ይዘርጉ። አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው ከውጭ በጀሪካን ውኃ ያፍስስ። ማፍሰሱ ከታች፣ ከበሩ ደፍ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ መስታወቱና ወደ ጣራው ይውጣ፤ በየደረጃውም ጥቂት ይቆይ። ከላይ ከተጀመረ ውኃው ሁሉን አርሶ ስለሚወርድ የገባበትን ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

አሮጌውን ምንጣፍ ሲያነሡ፣ ቢበጣጠስም እንኳ፣ ቁርጥራጮቹን አይጣሉ፤ የአዲሱ መቁረጫ ልክ እነርሱ ናቸው። በየቁራጩ ጀርባ የቀኝ፣ የግራ፣ የፊት፣ የኋላ እያሉ በጠመኔ ይጻፉ። በዚህ መኪና ባትሪው ከኋላው ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ስለሚገኝ መጀመሪያ ፈትተው ያውጡት። ከሥሩ ያለው ወለል ከሁሉ በላይ የሚበላው ቦታ ነው፤ አሲድ ሲንጠባጠብበት ኖሯልና። ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጠው ያፍስሱበት፤ አረፋው እስኪያቆም ይደጋግሙና በንጹሕ ውኃ አጥበው ያድርቁት። ላይ ላዩን ብቻ የዛገውን በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አንቲረስትና ቀለም መቀባት ይበቃል። የተበሳውን ግን በስቱኮ መድፈን ራስን ማታለል ነው፤ የዚህ መኪና አካል በብሎን የሚታሰረው በዚሁ ወለል ላይ ስለሆነ የተበላው ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። በያጁንም የቤንዚኑ ቧንቧ በወለሉ መካከል በሚያልፈው ጉብታ ውስጥ እንደሚሄድ ሳይነግሩት አያስጀምሩት።

በዚሁ ምክንያት ምንጣፉን በመካከለኛው ጉብታ ላይ በቪት ለማሰር ፈጽሞ አይሞክሩ። ከቤንዚን ቧንቧው ሌላ የፍሪሲዮኑና የቤንዚን ፔዳሉ ካቦዎች የሚያልፉት በዚያ ውስጥ ነው።

ለሥራው የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ጊዜ ነው፤ በወሎ በየካቲት በልጉ ሊጀምር ስለሚችል ከዚያ በፊት መጨረስ ይሻላል። ሞኬቱን ከመቁረጥዎ አስቀድሞ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ዘርግተው ያሙቁት፤ በደሴ ብርድ የደረቀ ሞኬት በጉብታው ላይ አልታጠፍ ብሎ ያስቸግራል። ልኩን በካርቶን ወይም በጋዜጣ አውጥተው በሞኬቱ ጀርባ ላይ ያስምሩ፤ ከመስመሩ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አስተርፈው ከጀርባ በኩል በስለታም ቢላ ይቁረጡ፤ የሚስተካከለው መኪናው ውስጥ ከተለካ በኋላ ነው። የጸጉሩ አቅጣጫ በሁሉም ቁራጮች አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ከተኛ ቀለማቸው የተለያየ ይመስላል። ጠርዙን ለማስከፈፍ ለመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ይስጡት፤ የቤት መስፊያ ማሽን ያንን ውፍረት አይችልም።

ማስቲሹን በተመለከተ፣ ሁሉም ቦታ አይቀባም። በበሩ ደፍ ጎን፣ በጉብታው ጎንና ወደ ላይ በሚወጣው የፊት ግድግዳ ላይ ይቀቡ፤ በጠፍጣፋው ወለል ላይ ግን ምንጣፉ ሳይጣበቅ እንዲሁ ይረፍ። ከክረምት በኋላ አንሥቶ ፀሐይ ማስመታትና ላሜራውን ማየት የሚቻለው እንዲያ ሲሆን ብቻ ነው። ሁሉንም አጣብቆ የሚያስረክብ ባለሙያ ሥራው ያማረ ይመስላል፤ እኛ ግን አንመክረውም። ማስቲሹ በላሜራውም በሞኬቱም ጀርባ ስስ ሆኖ ይቀባና ጣት ሲነካው መያዝ እስኪጀምር ይጠበቃል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በብርድ ቀን ደግሞ ከዚያ በላይ ይወስዳል። የማስቲሹ ትነት ስለሚቀጣጠል በሮቹን ከፍተው ይሥሩ፤ ሲጋራም ሆነ የከሰል ምድጃ በአቅራቢያው አይኑር። በደፉ ውስጥ ከሞተሩ ሙቅ አየር የሚያመጣ ቦይ ስለሚያልፍ፣ የአየሩን መውጫ ቀዳዳዎች በምንጣፍ እንዳይሸፍኑ። ወንበርና ቀበቶ ለሚታሰርበት ብሎን ቀዳዳ ሲያወጡ በትራፓኖ አይብሱ፤ መብሻው አንድ ክር ይይዝና ሞኬቱን እስከ ዳር ይተረትረዋል። በእሳት የጋለ ምስማር ግን ሰው ሠራሹን ክር አቅልጦ የቀዳዳውን ዙሪያ ያትመዋል።

በፔዳሎቹ ዙሪያ ስስት ያስፈልጋል። የዚህ መኪና የቤንዚን ፔዳል የሚታጠፈው ከወለሉ ላይ ስለሆነ ከሥሩ ወፍራም ነገር ከገባ እስከ መጨረሻው አይረገጥም፤ ጠርዙ ከተጠቀለለበትም ተረግጦ ሊቀር ይችላል። ምንጣፉ በፍሬን ፔዳሉና በማረፊያው መካከል ከገባ ደግሞ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ፍሬኑም በከፊል እንደ ተያዘ ይሄዳል፣ ይግላል። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ነጻ እንቅስቃሴ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር መሆን ስላለበት ከንጣፉ በፊትና በኋላ በማስመሪያ ይለኩት። በመጨረሻ ባትሪውን ሲመልሱ ክዳኑን አይርሱ፤ የኋላው ወንበር የሽቦ ሞላዎች ሰው ሲቀመጥባቸው የባትሪውን ጫፍ ከነኩ ወንበሩ እሳት ይይዛል።

ጥያቄ፦ ለሳሎን ካነጠፍነው ወፍራም ምንጣፍ የተረፈ ቁራጭ አለኝ። በድሮ ቮልስዋገኔ ወለል ላይ ባደርገው ምን ችግር አለው? ካልሆነስ ከደጋ የመጣ ባና ይሻላል?
አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ የሳሎን ምንጣፍ ጀርባው ደረቅ ስለሆነ በጉብታውና በደፉ ላይ ቢያጣብቁትም ውሎ አድሮ ይነሣል፤ ውፍረቱም ከላይ ያነሣነውን የፔዳል ችግር ያመጣል። ጀርባውን ገልብጠው ይዩት፤ የጆንያ ክር ከሆነ ውኃ መጥጦ ይይዛል፣ ይበሰብሳልም። ከኋላ፣ የሰው እግር በማይደርስበት የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ቢያነጥፉት ግን አንቃወምም። ባናው የሱፍ ሥራ ስለሆነ ሲርስ በቀላሉ አይደርቅም፣ ብልም ይወደዋል፤ ስለዚህ ለወንበር መደረቢያ ያድርጉት። በነገራችን ላይ፣ የእርስዎ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ በፊተኛው ወለል ላይ የነበረው የጎማ ምንጣፍ ነው። የኮምቦልቻን አቧራና የሐምሌን ጭቃ ለሚረግጥ ጫማ እርሱን የሚያህል የለም፤ የተሠራበትን መልክ መጠበቅ ለሚፈልግም ትክክለኛው ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የፔጆ 404 መኪናዬን ምንጣፍ ካስቀየርኩ ወዲህ በተሳፋሪው በኩል ያለው ወለል ዝናብ ሳይኖርም ይርሳል፤ መስታወቱም በውስጥ በኩል ይደበዝዛል። የሠራው ሰው ማስቲሹ ስላልደረቀ ነው ይለኛል።
አንባቢ፣ ከወልድያ

መልስ፦ ማስቲሽ፣ ባይደርቅም እንኳ፣ ወለል አያርስም። ፔጆው በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ስላለው የማሞቂያው ውኃ ወደ መኪናው ውስጥ በቱቦ ይገባል፤ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ወይም ቱቦው ሲያፈስ የሚያሳየው ምልክት ደግሞ የጻፉልን ነው። የራዲያተሩን ውኃ መጠን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይመልከቱ፤ እየጎደለ ከሆነና ወለሉ የሚጣፍጥ ሽታ ካለው ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ማሞቂያውን ካስጠገኑ በኋላ ምንጣፉን አስነሥተው ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ ያስጥሉት፤ የራዲያተር ፈሳሽ የጠጣ ስፖንጅ ታጥቦ አይጸዳም።