4,200 ዶላሩን ከማውጣትህ በፊት ብሎኖቹን እያቸው

ከሐይቅ ከተማ ወጥቶ አሁን ዴንቨር የሚኖር አንባቢ ጽፎልኛል። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ዒላማ ተኩስ እሄዳለሁ። አደን አልወድም፤ ወረቀት መብሳት ነው ደስታዬ። ጠብመንጃዬ .308 የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ነው፣ በ550 ዶላር ገዛሁት። በ100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) አምስት ጥይት ስተኩስ አንዳንዴ ሁሉም 3 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይገባሉ። አንዳንዴ ደግሞ 9 ሳንቲ ሜትር ይበተናሉ። አንዱ ጓደኛዬ 4,200 ዶላር ያወጣበት ጠብመንጃ አለው፣ ሁሌ ያሸንፈኛል። እኔም እንደሱ ያለ ልገዛ ነው። ባለቤቴ ግን ‹ኮምቦልቻ የጀመርነው ቤት ቆርቆሮ ሳይለብስ?› ትለኛለች። ምን ይሻለኛል? የሦስት ወረቀት ፎቶ ልኬልዎታለሁ።»

አብሽር ወንድሜ። ፎቶዎቹን ባትልክ ኖሮ ሌላ ነገር ልጽፍልህ ነበር።

ለማታውቁኝ አንባቢዎች፣ ዴንቨር አቅራቢያ አንዲት ትንሽ የጠብመንጃ ጥገና ቤት ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ደሴ ፒያሳ የስፌት መኪና እጠግናለሁ። ከሥራዬ ብዙም አልራቅሁም። ሲንጀርም ሆነ ጠብመንጃ፣ ሰው «ተበላሽቷል፣ አዲስ ልግዛ» ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የማነሳው ካቻቢቴና ብሩጎላ ነው።

ወደ ፎቶዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያው ወረቀት ጥሩ ነው። ሁለተኛውም ምንም አይልም። ሦስተኛውን ግን በአጉሊ መነጽር ነው ያየሁት። ሦስት ቀዳዳ ወደ ላይ በግራ በኩል ተጠጋግተዋል፣ ሳንቲም ይሸፍናቸዋል። ሁለቱ ደግሞ ወደ ታች በቀኝ ለብቻቸው ናቸው፣ እነሱም ጎን ለጎን። 9 ሳንቲ ሜትር ያልከው በሁለቱ ጎጆዎች መካከል ያለው ርቀት ነው። ይኼ መበተን አይባልም። ሁለት ቤት መሥራት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጥፎ አፈሙዝ ያለው ጠብመንጃ ሁልጊዜ መጥፎ ነው። ዛሬም ነገም 8 ወይም 9 ሳንቲ ሜትር ይበትናል። አምስት አምስት ጥይት ሲተኮስ የአንድ ጠብመንጃ ውጤት እጥፍ ድረስ ከፍና ዝቅ ቢል አይገርመኝም፣ የዕድል ነገር አለበት። ከ3 ወደ 9 ሲዘልና ቀዳዳዎቹ በሁለት ሲከፈሉ ግን አንድ ነገር ቦታውን እየቀየረ ነው ማለት ነው። አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይቀመጣል። ወይ ጠብመንጃው ላይ ያለው የማነጣጠሪያ መነጽር ማሰሪያ ላልቷል፣ ወይ ብረቱ በሰደፉ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ላይ እየተንሸራተተ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይኼን አድርግ። ጠብመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ጥይቶቹን ሌላ ክፍል አስቀምጣቸው። ከዚያ መነጽሩን በእጅህ ጨብጠህ ለማነቃነቅ ሞክር። ምንም ባይነቃነቅም እንዳታምነው። ቶርክ፣ ማለትም የማጥበቅ ጉልበት፣ መለኪያ ያለው ቁልፍ ግዛ፣ 60 ዶላር ገደማ ነው። ብረቱን ከሰደፉ ጋር የሚይዙት ሁለቱ ብሎኖች በብዙ ጠብመንጃ ላይ ከ4 እስከ 7 ኒውተን ሜትር ድረስ ይጠብቃሉ። የመነጽሩን ቀለበት የሚያስሩት ትንንሾቹ 2 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃቸዋል። ትክክለኛው ቁጥር መመሪያው ላይ አለ፣ እሱን ተከተል። ትንንሾቹን በጉልበት እንዳትጠመዝዛቸው፣ የመነጽሩን ቱቦ ይጨፈልቃሉ።

ቀጥሎ አንድ የዶላር ኖት በአፈሙዙና በሰደፉ መካከል አስገብተህ ከጫፍ ወደ ኋላ ሳብ። ያለምንም መያዝ ማለፍ አለበት። ከዚያ ጠብመንጃውን ከፊት በሚደግፉት ሁለት እግሮቹ አቁመህ፣ ክብደትህን ጣል አድርገህበት እንደገና ሞክር። የርካሽ ጠብመንጃ ፕላስቲክ ሰደፍ ይለመጣል። ተለምጦ አፈሙዙን ከነካ ጥይቱ በሄደ ቁጥር አፈሙዙ በተለየ መንገድ ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቱ የብርጭቆ ወረቀትና ግማሽ ሰዓት ነው። ፕላስቲኩን ከውስጥ በኩል ትንሽ ፋቅ ታደርገዋለህ።

አንድ ደንበኛ ትዝ አለኝ። 5,000 ዶላር ያወጣበትን ጠብመንጃ ይዞ መጣ። «ይኼ እርግማን አለበት፣ ልሸጠው ነው» አለኝ። ሞርሳው ላይ አስሬ የመነጽሩን መቀመጫ ብሎን ብነካው በጣቴ ዞረ። በጣቴ! አጥብቄ ሰጠሁት። 20 ዶላር ከፍሎኝ ሄደ። ለአንድ ወር ያህል ሱቁ ሲመጣ ዓይኔን አያየኝም ነበር።

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። በመጀመሪያው ዓመቴ የራሴን ጠብመንጃ ከፊት በኩል በብረት ዘንግ እየወለወልኩ የአፈሙዙን ጫፍ በልቼዋለሁ። ጥይቱ ሲወጣ መጨረሻ የሚነካው ያንን ጠርዝ ነው። ጠርዙ በአንድ በኩል ከተበላ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ይወጣና ጥይቱን ገፋ ያደርገዋል። በቶርኖ አስተካከልኩት እንጂ ብዙ ጥይት አባክኛለሁ። አንተ ከኋላ በኩል ነው የምታጸዳው፣ አይደል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ብሎኖቹን ካጠበቅህ በኋላ ጓደኛህን ቡና ጋብዘውና አንድ ነገር ለምነው። ጠብመንጃ ተለዋወጡ። አንተ በሱ ጠብመንጃና በሱ ጥይት 20 ተኩስ። እሱ ባንተ ጠብመንጃ 20 ይተኩስ፣ ግን በሱ ዓይነት ጥሩ ጥይት። ከዚያ ሁለታችሁም በየራሳችሁ 20 ጨምሩ። አራት ወረቀት ይኖርሃል። በሦስት ጥይት የሚፎክር ሰው አትስማ። በሦስት ጥይት ማንም አንድ ቀን ጀግና ይሆናል። በ20 ግን የሚደበቅ የለም።

ጓደኛህ ባንተ የ550 ዶላር ጠብመንጃ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከሰበሰበ ጠብመንጃህ ጥፋት የለበትም። አንተ በሱ ጠብመንጃም 6 ወይም 7 ከበተንክ ደግሞ መልሱን አገኘህ። በተቃራኒው ሁለታችሁም ባንተ ጠብመንጃ ስትበትኑ፣ ሁለታችሁም በሱ ስትሰበስቡ ካየህ፣ ያኔ ስለ ግዢ እንነጋገር። የሚሆነውን ልገምት? በሱ ስትተኩስ ትንሽ ትሻላለህ። ያሰብከውን ያህል ግን አይሆንም።

ምክንያቱም ርካሽ ጠብመንጃ እንደ ድሮው አይደለም። ሳቬጅ የሚባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው 110 በተባለው ሞዴል ላይ አፈሙዙን በትልቅ ዳዶ ማሰር ጀመረ። የጥይት ቤቱን ልክ ለማስተካከል የተካነ እጅ አላስፈለገም፣ ዳዶውን ማዞር በቃ። ያው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 ገዢው ራሱ የሚያስተካክለው ጥሩ ቃታ በርካሽ ጠብመንጃ ላይ አመጣ። ሌሎቹ ተከተሉት። በዚያ ላይ ብዙ ፋብሪካዎች አፈሙዙን በመዶሻ ማሽን ከውጭ እየቀጠቀጡ፣ የውስጡን ጠመዝማዛ ቦይ በአንድ ጊዜ ያወጡታል። በደቂቃዎች ያልቃል። ዋጋው የወረደው በዚህ ነው። ዛሬ 500 ወይም 600 ዶላር የሚያወጣ ጠብመንጃ በጥሩ ጥይት 1 ኤም.ኦ.ኤ. አካባቢ መሰብሰቡ ብርቅ አይደለም። ይኼ መለኪያ የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ነው፣ በ100 ያርድ 2.7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ያንተ ጥሩ ወረቀት እዚያው አጠገብ ነው።

ታዲያ 4,200 ዶላሩ ምን ይገዛል? ይገዛል፣ አልዋሽህም። ከባድ አፈሙዝ ይገዛል። ያንተ ቀጭን ስለሆነ ከሰባትና ስምንት ጥይት በኋላ ይግላል፣ ሲግል ያፈነግጣል። የሱ 20 ተኩሶም ጸባዩን አይለውጥም። (አንተ በየአምስቱ ጥይት አሥር ደቂቃ አሳርፈው። ቡና ጠጣ።) ግማሽ ኪሎ የማይሞላ የቃታ ጉልበት ይገዛል። የማይለመጥ የአሉሚኒየም ሰደፍ ይገዛል። ከሁሉ በላይ ሰበብ ያሳጣሃል፤ ስትስት የምትወቅሰው ሰው ራስህ ብቻ ነህ። ይኼ ለአንዳንዱ ሰው ብዙ ዋጋ አለው።

ርቀቱ ሲጨምርስ? ሰዎች «ለሩቅ ነው የምገዛው» ይላሉ። እንቁጠረው። በ600 ያርድ 1 ኤም.ኦ.ኤ. የሚሰበስብ ጠብመንጃ 16 ሳንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ይጥላል፣ ግማሽ የሚሰበስበው 8 ውስጥ። ከመሐል ስትለካው የ4 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ነው። በዚያው ርቀት በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ የ.308 ጥይትን ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይገፋዋል። ነፋሱን ስትገምት በሩብ ብቻ ብትሳሳት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሳትክ። ለዚህ የሚሸጥ ጠብመንጃ የለም። አንተ ደግሞ የሐይቅ ልጅ ነህ። ከውሃው ዳር ቆመህ ነፋሱ ከወዲያ ማዶ ሲመጣ፣ ውሃው መጀመሪያ የት እንደሚሸበሸብ አይተህ አድገሃል። ሜዳ ላይ ያለው ሣርና በመነጽሩ ውስጥ የሚርገበገበው የሙቀት አየርም እንደዚያው ነው የሚነበበው። እሱን ማጥናት ነጻ ነው።

ሂሳቡን በሌላ በኩል እየው። በሁለቱ ጠብመንጃ መካከል 3,650 ዶላር አለ። ጥሩ የ.308 የውድድር ጥይት አንዱ ሁለት ዶላር ገደማ ነው። 1,800 ጥይት ገዛህ ማለት ነው። እኔ ብሆን ግን እሱንም አላደርገውም። 350 ዶላር የምታወጣ፣ ትንሽ ጥይት የምትተኩስ ባለ .22 ጠብመንጃ እገዛለሁ። ጥይቷ ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ናት። በ50 ያርድ ተኝተህ አንድ ክረምት ብትተኩሳት ቃታ መሳብን፣ መተንፈስንና ጉንጭን አንድ ቦታ ማሳረፍን ታስተምርሃለች። ጥይቷ ከአፈሙዝ ለመውጣት ቀስ ስለምትል ትንሽ እንኳ ብትነቃነቅ ወረቀቱ ላይ ታሳብቅብሃለች። ኦሊምፒክ ላይ በ50 ሜትር የሚወዳደሩት በዚሁ በ.22 ነው። የአሥር ነጥቧ ክብ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት።

አባቴ ቦሩ ሜዳ ላይ ቤልጅጉን እንደተሸከመ ነው ያረጀው። በዓመት ከአሥር ጥይት በላይ ሲተኩስ አላየሁትም። ጥይት በነሱ ዘመን ቀልድ አልነበረም፤ ከነሱ በፊት በምኒልክ ጊዜማ በየገበያው እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ማታ ማታ ግን ባዶውን ጠብመንጃ ያነሳና እኔን ይጠራኛል። አፈሙዙ ላይ ጫፍ አካባቢ አምስት ሳንቲም አስቀምጥለታለሁ። ግድግዳው ላይ ያለች ምስማር ላይ አነጣጥሮ ቃታ ይስባል። ጠቅ! ሳንቲሟ ከወደቀች ምንም አይናገርም፣ በዓይኑ ብቻ «መልሳት» ይለኛል። ሳትወድቅ አሥር ጊዜ እስኪሞላ እራት አይበላም። እናቴ ወጡ ቀዘቀዘ ብላ ትቆጣለች። ያቺን ልምምድ በ.308ህ ቤትህ አድርጋት፣ አሁንም ጥይት ሌላ ክፍል ይሁን። በ.22 ግን ያለማስመሰያ ጥይት ባዶ ቃታ አትሳብ። ጥይት መምቻው መርፌ የጥይት ቤቱን ጠርዝ ይመታዋል።

እንግዲህ እኔ ያንተ ቦታ ብሆን እንዲህ አወጣ ነበር። 60 ለቁልፉ፣ 350 ለ.22፣ 500 ለጥይቷ። መነጽርህ የ.308ቱ ስጦታ ሆኖ አብሮ የመጣ ከሆነ 500 ለተሻለ መነጽርና ለጠንካራ ማሰሪያው። ርካሽ መነጽር ሦስት ጠቅታ ስታዞረው ሁለት የሚሄድ አለ። በጠቅላላው 1,400 ዶላር ገደማ ነው፤ የቀረው ቆርቆሮ ያለብሳል። ከዓመት በኋላም 20 ጥይት በተከታታይ ጠብመንጃህ ከሚችለው በላይ አልሰበስብ ካለህ፣ ጓደኛህ ባንተው ጠብመንጃ ካንተ የተሻለ መተኮስ ካቃተው፣ ግዛ። ያኔም ወደ 4,200 አትዝለል። ፊንላንድ የሚሠራው ቲካ 1,000 ዶላር አካባቢ ነው፣ ብዙ ሰው ከሱ ወዲያ ሲሄድ አላየሁም። ውድድር ውስጥ በቋሚነት ከገባህ ነገሩ ሌላ ነው። አፈሙዝም ያልቃል፣ .308 ወደ 5,000 ጥይት ገደማ ይሄዳል። ተወዳዳሪ ሰው ይኼን በበጀቱ ይይዘዋል።

«ጋሼ፣ ዝም ብሎ ደስ ስላለኝስ ብገዛው?» ብትል አልከለክልህም። የሰው ደስታ ነው። ብቻ ለባለቤትህ «ለትክክለኛነት ነው» ብለህ እንዳትነግራት።

ለበዓል ስትመጣ ይዤው ልምጣ የሚል ሐሳብ ካለህ ተወው። እዚህ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለፈቃድ መሣሪያ ማስገባትም መያዝም ወንጀል ነው።

አራቱን ወረቀቶች ግን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ጀርባቸው ላይ ማን እንደተኮሰ፣ በየትኛው ጠብመንጃና በየትኛው ጥይት፣ ነፋሱ ከየት እንደነበር ጻፍበት። የብሎኖቹንም ነገር፣ ስትነካቸው ስንቱ እንደዞረልህ።