ርዕስሽን አትቀይሪ

እህቴ፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ ብለሽኛል። አማካሪሽ «ፀረ-ብግነት መድኃኒቶች በተቆጣ የአይጥ ሥጋ ውስጥ የኮላጅንን መፈጠር እንዴት ይለውጣሉ?» የሚል የመመረቂያ ርዕስ ሰጥተውሻል (ብግነት የሥጋ መቆጣትና ማበጥ ነው፤ ኮላጅን ደግሞ ሥጋን አያይዞ የሚያጠነክር ፕሮቲን)፤ ጓደኞችሽ ግን «በዚህ ማን ይቀጥርሻል?» ይሉሻል። እኔ ያዢው እላለሁ።

ነገ ክሊኒክ ስትገቢ ጀርባው የተገጠበ አህያ ይመጣልሻል። ዴክሳሜታዞን የተባለውን ስቴሮይድ (ኃይለኛ ፀረ-ብግነት መድኃኒት) ብትወጊው እብጠቱ ቶሎ ይሟሽሻል፣ ባለቤቱም መርቆሽ ይሄዳል። ስቴሮይድ ግን ቁስሉ የሚገጥምበትን የኮላጅን ምርትም ይቀንሳል፤ ገጣባው ሳይጠነክር ሊከርም ይችላል። እንደ ኢንዶሜታሲን ያሉት ስቴሮይድ ያልሆኑት ፀረ-ብግነት መድኃኒቶች የሚያግዱት ብግነትን የሚያባብሰውን ንጥረ ነገር፣ የፕሮስታግላንዲንን መመረት ነው፤ በኮላጅን ላይ የሚያመጡት ለውጥም እንደ መጠኑና እንደተሰጡበት ጊዜ ይለያያል። እብጠት መጉደሉና ቁስል መዳኑ ለየቅል መሆናቸውን በገዛ እጇ ለክታ ያየች ሐኪም መርፌ ከማንሳቷ በፊት ታስባለች። እንዲህ ያለ ሐኪም ያስፈልገናል።

ቤተ ሙከራው ደግሞ ሌላ ሙያ ይሰጥሻል። ኮላጅን የሚለካው በውስጡ በብዛት ባለው ሃይድሮክሲፕሮሊን በተባለ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ነው። ናሙናውን በጠንካራ አሲድ በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ታሳድሪዋለሽ፤ በማግስቱ ክሎራሚን-ቲ፣ ቀጥሎም የኤርሊክ ሪኤጀንት የተባሉትን ኬሚካሎች ጨምረሽ ስታሞቂው በቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይቀላል። የቅላቱን መጠን ፈሳሹ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥ በሚለካው መሣሪያ፣ በስፔክትሮፎቶሜትር ታነቢያለሽ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የተቆጣ ሥጋ ውሃ ይቋጥራል። መድኃኒቱ ውሃውን ሲቀንሰው፣ አዲስ ኮላጅን ሳይፈጠር በአንድ ግራም ሥጋ ውስጥ ያለው የጨመረ ይመስላል። ስለዚህ በግራም ያለውን ብቻ ይዘሽ አትደምድሚ፤ ጠቅላላ መጠኑንና የደረቀውን ሥጋ ክብደትም መዝግቢ። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ከቻልሽ፣ የመድኃኒት ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ኃላፊም ሆነ የምርምር ተቋም ሰው ቁጥር ማንበብ እንደምትችዪ ወዲያው ይገባዋል። ሲቪሽ ላይም ርዕሱን ብቻ ጽፈሽ አትለፊ፤ የሠራሽውን በግልጽ አስቀምጪ፦ ናሙና አዘጋጅቻለሁ፣ የመለኪያ ከርቭ (መጠናቸው ከታወቀ ናሙናዎች የሚሠራ ማነጻጸሪያ መስመር) ሠርቻለሁ፣ ውጤቱን ተንትኛለሁ።

ከመፈረምሽ በፊት ግን አማካሪሽን ሁለት ነገር ጠይቂልኝ፦ በእንስሳት ላይ ለመሥራት የሥነ ምግባር ፈቃዱ ወጥቷል? ኬሚካሎቹስ አሁን መደርደሪያው ላይ አሉ? ክሎራሚን-ቲ ከውጭ እስኪመጣ ስትጠብቂ ሴሚስተሩ ያልቅብሻል።