ያንኑ ልመና ደጋግሞ ማቅረብ ከንቱ ነውን?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የኩላሊት ሕመምተኛ ሲሆን በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ይደረግለታል። ሕመሙ ከታወቀ ጀምሮ ሳልጸልይ የዋልኩበት ቀን የለም፤ ተስያለሁ፤ ጸበልም ተመላልሰናል። አሁን ግን ውዳሴ ማርያም ስደግም ከንፈሬ ብቻ የሚንቀሳቀስ ይመስለኛል። አንዲት ጎረቤቴ «መልስ ያጣሽው እምነትሽ ጎድሎ ነው» አለችኝ፤ አንድ ዘመዴ ደግሞ ያንኑ ቃል መደጋገም በወንጌል የተከለከለ ነው ብሎኛል። ባለቤቴም «እግዚአብሔር ትቶኛል» ማለት ጀምሯል። ልቀጥል ወይስ ዝም ልበል?
ስሜ እንዳይጠቀስ የምሻ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህታችን፣ በመጀመሪያ ለባለቤትዎ ምሕረቱን፣ ለእርስዎም ብርታቱን እንዲሰጥልን እንመኛለን። ይቀጥሉ። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ከዘመድዎ አሳብ መነሣት ይሻላል።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ቁጥር 7 «በከንቱ አትድገሙ» ያለው በመናገራቸው ብዛት የሚሰሙ ስለሚመስላቸው ሰዎች ነው። የተነቀፈው የቃል ብዛት አምላክን ያስገድዳል የሚለው አሳብ እንጂ ልመናን መደጋገም አለመሆኑን የምናውቀው ከራሱ ከጌታ ነው፤ በጌቴሴማኒ በተጨነቀባት ሌሊት «ሦስተኛም ያንኑ ቃል ደግሞ ጸለየ» ተብሎ በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 26 ቁጥር 44 ተጽፏልና። ስለዚህ ትናንት ያሉትን ዛሬም ቢደግሙት ነውር የለበትም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለችው መበለት ታሪክም አንዳንድ ጊዜ ተጣሞ ሲሰበክ እንሰማለን። እግዚአብሔርን የማይፈራው፣ ሰውንም የማያፍረው ዳኛ የፈረደላት ስላዘነላት ሳይሆን ስለሰለቸ ነው። ጌታ ምሳሌውን ያመጣው አብ እንደዚያ ዳኛ ነው ለማለት አይደለም፤ ዐመፀኛው እንኳ ከፈረደ፣ ቀንና ሌሊት ወደ እርሱ ለሚጮኹት እግዚአብሔር እንዴት አይፈርድላቸውም ለማለት ነው። ይህ ልዩነት ለእርስዎ ብዙ ይጠቅማል፤ እስኪሰለች ድረስ የሚነዘነዝ አምላክ እንደሌለዎት ካወቁ፣ አንድ ቀን ደክሞዎት ሳይጸልዩ ቢያድሩ የባለቤትዎ ሕይወት በዚያ ጉድለት የተመዘነ እየመሰለዎት አይጨነቁም።

የልብ መድረቁን በተመለከተ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ሥርዓት ራሱ ያግዝዎታል። የዳዊት 150 መዝሙራትም ሆኑ ውዳሴ ማርያም ለሳምንቱ ቀናት ተከፍለው የተሰጡ ናቸው፤ ሰውየው ደስ ቢለውም ቢያዝንም የዕለቱ ድርሻ አይለወጥም። ዳዊት የሚደግም ሰው፣ ምንም መከራ ባይደርስበት እንኳ፣ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለውን መዝሙር 12ን በየሳምንቱ ያገኘዋል፤ አንድም የመጽናኛ ቃል ሳይጨመርበት በምሬት የሚያልቀውን መዝሙር 87ንም እንዲሁ። (በሌሎች እትሞች 13 እና 88 ተብለው ይቆጠራሉ።) እንዲህ ያለ ምሬት በጸሎት መጽሐፍ ውስጥ መግባቱ፣ መጉረምረም እንኳ ወደ እግዚአብሔር ፊት ሲቀርብ ጸሎት መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ ስሜትዎ እስኪመለስ አይጠብቁ። ሙሉውን መድገም ካቃተዎት ለጊዜው አቡነ ዘበሰማያትና አንድ መዝሙር ይበቃዎታል፤ ሰዓቱን ግን አይልቀቁ። ባለቤትዎ እጥበት ላይ የሚቆዩባቸው ረጅም ሰዓታትም ለዚህ ይመቻሉ፤ ሐና በሴሎ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ ሳይሰማ ጸልያለች፤ ካህኑ ዔሊ የሰከረች ቢመስለውም እግዚአብሔር ሰምቷታል።

ጎረቤትዎ በክፋት የተናገሩ አይመስለንም፤ አነጋገራቸው ግን ትክክል አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲለየው ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል፥ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» የሚል ነበር (2ኛ ቆሮንቶስ 12፥9)። እምነት የጎደለው ነው የሚል ማን ነው? በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ደግሞ አራት ሰዎች ተሸክመው ያመጡትን ሽባ ጌታ የፈወሰው «እምነታቸውን አይቶ» ነው፤ የተሸካሚዎቹ እምነት ተቆጥሮለታል። እርስዎም ብቻዎን አይሸከሙ። የባለቤትዎን የክርስትና ስም ለንስሐ አባትዎ ይስጡ፤ የማኅበር ጓደኞችዎንም አብረዋችሁ እንዲጸልዩ ይጠይቁ።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። ጸበል ጀምረናል ብላችሁ አንድም የእጥበት ቀጠሮ እንዳታስተጓጉሉ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 የታመመ ሰው ወደ እግዚአብሔር እንዲጸልይ፣ ለባለ መድኃኒቱም ስፍራ እንዲሰጥ በአንድነት ይመክራል።

ባለቤትዎ «ትቶኛል» ሲሉ ለመከራከር አይቸኩሉ። መዝሙር 12ን አብራችሁ አንብቡት፤ እርሳቸው ስለ እግዚአብሔር ለእርስዎ የሚናገሩትን ዳዊት በቀጥታ ለእግዚአብሔር ይናገረዋል። ፈቃደኛ ከሆኑም በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 14 እንደታዘዘው ካህናት ጸልየው ቀብዓ ቅዱሱን እንዲቀቡላቸው ስለ ምሥጢረ ቀንዲል ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ቀኑም እጥበት በሌለበት፣ ድካሙ ቀለል በሚልላቸው ዕለት ቢሆን ይመረጣል።