ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ስለ አዳዲስ የቴክኖሎጂ ዕቃዎች የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስልኬ አራት ዓመት ሆነው። ባትሪው እኩለ ቀን ሳይደርስ ያልቃል፤ አፕ ስከፍትም ይንቀራፈፋል። አዲስ ልግዛ?

ገና አይግዙ። የጠቀሷቸው ሁለት ችግሮች ናቸው፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ስልኩ ሳይቀየር ይፈታሉ።

መጀመሪያ ባትሪው። የሊቲየም አዮን ባትሪ በአጠቃቀም ያረጃል። እንደ አሠራሩ ከ500 እስከ 1000 ዙር ሲሞላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ገደማ ይወርዳል። አንድ ዙር ማለት በድምሩ 100 በመቶ መጠቀም ነው፤ ዛሬ 60፣ ነገ 40 በመቶ ቢጠቀሙ አንድ ዙር ተቆጠረ። በአይፎን ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለውን ከፍተው የባትሪውን ጤንነት ይመልከቱ፤ በብዙ አዳዲስ አንድሮይዶችም እዚያው አካባቢ ይገኛል። ከ80 በታች ከሆነ ባትሪውን ብቻ ያስቀይሩ። ባትሪ ሲቀየር የስልኩ ክዳን ተነቅሎ እንደገና ስለሚለጠፍ፣ ከዚያ በኋላ ውኃ አያስገባም ብለው አይተማመኑ። ክዳኑ ወይም ስክሪኑ ተነፍቶ ከተነሣ ግን ባትሪው አብጧልና ቻርጅ ማድረግዎን ያቁሙ፤ አይጫኑት፣ አይብሱትም።

መንቀራፈፉ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማከማቻው ሲሞላ ነው። ስልክ አዲስ ነገር ለመጻፍ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ ሲያጣ የቆየውን እያጠራ ስለሚጽፍ ይዘገያል። ከማከማቻው ቢያንስ ከ10 እስከ 15 በመቶው ባዶ ይሁን። መጀመሪያ ማጥፋት ያለብዎት በመልእክት መላላኪያ አፖች የተከማቹ ቪዲዮዎችን ነው። ያረጀ ባትሪም ራሱ ስልኩን ሊያዘገየው ይችላል፦ በቂ ኃይል ሳያገኝ በድንገት እንዳይጠፋ አንዳንድ ስልክ ፍጥነቱን ሆን ብሎ ይቀንሳል።

ስልክ ለመቀየር እውነተኛው ምክንያት የደኅንነት ማሻሻያ መቆሙ ነው። ስለ ስልኩ በሚለው ክፍል የመጨረሻውን የማሻሻያ ቀን ያንብቡ። ዓመት ካለፈውና አምራቹም ማቆሙን ካስታወቀ፣ የባንክ አፕ የሚጠቀሙበት ስልክ መሆን የለበትም። ሲገዙም ቀኑን ይቁጠሩ። ጎግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ በነዚህ ስልኮቻቸው የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል፤ 7ቱ ዓመት የሚቆጠረው ግን ስልኩ ገበያ ከወጣበት እንጂ እርስዎ ከገዙበት ቀን አይደለም። በርካሽ የተገኘ የሁለት ዓመት ሞዴል ርካሽነቱ በከፊል ከዚህ የመጣ ነው።

የገዛሁት ቻርጀር 65 ዋት ነው፤ ስልኬ ግን አሁንም ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው።

የቻርጀሩ ዋት ከፍተኛውን አቅም ይናገራል እንጂ የሚሰጠውን አይደለም። ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚወስኑት ስልኩ፣ ኬብሉና ቻርጀሩ ተስማምተው ነው። አንዳንድ አምራቾች የራሳቸው ፈጣን ቻርጅ አላቸው፤ የእነሱ ቻርጀርና ኬብል ከሌለ ስልኩ ወደ ዝቅተኛው ዋት ይወርዳል። የስልክዎን ከፍተኛ ዋት ከመግለጫው ያረጋግጡ፤ 25 ዋት ከሆነ 65ቱ ምንም አይጨምርም። ተራ የዩኤስቢ ሲ ኬብል እስከ 60 ዋት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ በብዛት የሚያስፈልገው ላፕቶፕ ነው።

ይህ ሁሉ ትክክል ከሆነ የስልኩን ቀዳዳ በባትሪ መብራት ይዩት። ከኪስ የገባ ብናኝ ኬብሉ እስከ ውስጥ እንዳይገባ ያደርገዋል። ስልኩን አጥፍተው በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ ቀስ አድርገው ያውጡት፤ መርፌ ግን አይጠቀሙ። ከ80 በመቶ በኋላ መዘግየቱ ብልሽት አይደለም፤ ባትሪውን ለመጠበቅ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። ስልኩ ሲግልም እንዲሁ ይቀንሳል፣ ሽፋኑን ያውልቁለት።

ልብስ ላይ የሚለጠፍ፣ በድምፅ የሚታዘዝ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ልገዛ ነው። ምን ይላሉ?

የመጀመሪያው ትውልድ ከሆነ ይቆዩ ባይ ነኝ። ሂዩማን የተባለው ኩባንያ በ2024 (እ.ኤ.አ.) በ699 ዶላር፣ በተጨማሪም በወር 24 ዶላር ክፍያ፣ ኤአይ ፒን የሚባል እንዲህ ዓይነት መሣሪያ አወጣ። ዓመት ሳይሞላው ኩባንያው አብዛኛውን ንብረቱን ለኮምፒውተር አምራቹ ኤችፒ ሸጠ፤ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) የኩባንያው ሰርቨር ሲዘጋ በሰው እጅ ያሉት መሣሪያዎች ዋና ሥራቸውን አቆሙ። ዕቃው አልተሰበረም፤ የሚያስብለት ኮምፒውተር ሌላ ቦታ ስለነበር ነው።

ስለዚህ ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የትኛው ሥራ ይቀጥላል? ወርኃዊ ክፍያው ቢቆም ምን ይቀራል? ስልኬ ይህንኑ አሁን አይሠራውም ወይ? ለሦስተኛው «ይሠራል» ከተባሉ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ይተዉት።

የደም ስኳር የሚለካ ስማርት ሰዓት አለ?

ቆዳ ሳይበሳ በራሱ የሚለካ አይግዙ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) እንዲህ ያለ ሰዓትም ሆነ ቀለበት አለመፍቀዱን አስጠንቅቋል። በተሳሳተ ቁጥር ኢንሱሊን የወሰደ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ከቆዳ ሥር ካለ ሴንሰር ንባቡን ተቀብሎ የሚያሳይ ሰዓት ሌላ ነገር ነው፤ የሚለካው ሴንሰሩ ነው።

200 ሜጋፒክስል ካሜራ ከ50 ይበልጣል?

በተለምዶው አይበልጥም። ካሜራው 16 ነጥቦችን እንደ አንድ አዋሕዶ ብዙ ጊዜ 12 ሜጋፒክስል ገደማ ፎቶ ይሰጥዎታል። ከቁጥሩ ይልቅ የሴንሰሩን ስፋት ያነጻጽሩ፣ ማታ የተነሣ ፎቶም ይዩ።

ታብሌት የገዛሁት ለማንበብ ነበር፤ አሁን ቪዲዮ ሳይ ነው የማመሸው።

የጊዜ ገደብ የሚያስቀምጡ አፖችን ብዙም አላምንባቸውም፤ ገደቡን ማለፊያው አንድ ቁልፍ ነው። የሚሠራው መንገዱን ማስረዘም ነው። የቪዲዮ አፑን ያጥፉት፤ ካስፈለገ በብሮውዘር ይግቡ፣ ሲጨርሱ ከአካውንትዎ ይውጡ፣ የይለፍ ቃሉም እንዲቀመጥ አይፍቀዱ። በመነሻው ገጽ ላይ የንባብ አፑ ብቻ ይቅር። ማሳወቂያዎችን በሙሉ ዘግተው ከሰው የሚመጣውን ብቻ ይክፈቱ። ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ ማድረግም ይረዳል፤ አይፓድ ላይ በተደራሽነት ክፍል፣ የቀለም ማጣሪያ በሚለው ውስጥ ያገኙታል።

አሮጌ ስልኬን ለሌላ ሰው ልሰጥ ነው። ከመስጠቴ በፊት ምን ላድርግ?

ቅደም ተከተሉን አያዛቡ። መጀመሪያ የባንክ አፖችንና የማረጋገጫ ቁጥር የሚሰጡትን አፖች በአዲሱ ስልክ ላይ ሠርተው ያረጋግጡ። ቀጥሎ ፎቶዎችዎን ቅጂ ያድርጉ፤ ሲም ካርድና ሜሞሪ ካርዱን ያውጡ። ከዚያ ከጎግል ወይም ከአፕል አካውንትዎ ይውጡ። መረጃውን በሙሉ የሚያጠፋው የመጨረሻ እርምጃዎ ይሁን። ከአካውንቱ ሳይወጡ ካጠፉት ስልኩ የእርስዎን የይለፍ ቃል እየጠየቀ ሊቆለፍ ይችላል፤ የተቀበለዎትም ሰው ደውሎ ያስቸግርዎታል።