ኤሲው ይበራል፣ ኮምፕሬሰሩ ግን አይነሳም

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ኤሲ ስከፍት የቁልፉ መብራት ይበራል፣ ነፋሱም በደንብ ይወጣል፤ ግን ሙቅ ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ የኮምፕሬሰሩ ፑሊ ይዞራል፣ ከፊቱ ያለው ሳህን ግን ቆሟል። ድሮ ይሰማ የነበረው ‹ጠቅ› የሚል ድምፅም ጠፍቷል። ከሁለት ወር በፊት ጋዝ አስሞልቻለሁ። አንዱ መካኒክ ‹ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፣ ቀይረው› አለኝ። ሌላው ‹ጋዝ ጨምርበት› ይላል። የቱን ልስማ?»

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አትስማ። ሁለቱም ሳይለኩ ነው የፈረዱት።

አንተ ራስህ ግን ቁም ነገሩን አይተሃል። ፑሊው ሞተሩ እስከሠራ ድረስ በቺንጋው ይዞራል፤ ኤሲ ቢከፈትም ባይከፈትም። ከፑሊው ጀርባ የሽቦ ጥቅል አለ፣ ኮይል ነው የምንለው። ኮይሉ 12 ቮልት ሲደርሰው ማግኔት ይሆንና የፊቱን ሳህን ስቦ ከፑሊው ጋር ያጣብቀዋል። ያ ነው ‹ጠቅ› የሚለው። ሳህኑ ከኮምፕሬሰሩ ዘንግ ጋር የታሰረ ስለሆነ አብሮ ይዞራል፣ ሥራ ይጀመራል። ኮይሉ፣ ሳህኑና ፑሊው አንድ ላይ ክላች ይባላሉ።

እንግዲህ የመጀመሪያው መካኒክ ያለውን በዚህ መዝነው። ውስጡ ተነክሶ የቀረ ኮምፕሬሰር ክላቹን ከመያዝ አይከለክለውም። ክላቹ ጠቅ ብሎ ይይዛል፤ ዘንጉ አልዞርም ስለሚል ቺንጋው ይጮኻል፣ ጎማ ጎማ ይሸታል። ያንተ ጠቅም አላለ፣ አልጮኸም። ማረጋገጥ ከፈለግክ ሞተሩን አጥፋና ሳህኑን በእጅህ አዙረው። ትንሽ እየከበደ ከዞረ ዘንጉ ተነክሶ አልቀረም።

ስለዚህ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ክላቹ ጋ ኤሌትሪክ ይደርሳል ወይስ አይደርስም? ይህ ሳይታወቅ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ወደ ክላቹ የሚሄደውን ሶኬት አግኘው፤ አንድ ወይም ሁለት ሽቦ ነው ያለው። የሜትርህን (የኤሌትሪክ መለኪያህን) ቀይ ጫፍ ከሶኬቱ ጀርባ በኩል ወደ ሽቦው አስገባ፣ ጥቁሩን ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርግ። እጅጌህን ሰብስብ፣ የሜትሩ ሽቦ ከቺንጋውና ከቬንትሌተሩ (ከራዲያተሩ ማራገቢያ) ይራቅ። ቬንትሌተሩ ሳታስበው ሊነሳ ይችላል። ከዚያ ሞተር አስነሳ፣ ነፋሱን ክፈት፣ ኤሲውን ተጫን።

ሶኬቱን ነቅለህ አትለካ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። የዛገ ሽቦ ምንም ሳይጫንበት 12 ቮልት ያሳይሃል። ኮይሉ ሲሰካበት ግን ወደ 7 ወይም 8 ይወርዳል፣ ማግኔቱም ሳህኑን መሳብ ያቅተዋል። ሳይነቀል ስትለካ እውነተኛውን ነገር ታያለህ።

ኤሌትሪክ ደርሶ ክላቹ ካልያዘ ችግሩ እዚያው ክላቹ ላይ ነው። ሁለት ሽቦ ካለው ሁለተኛው ማሳ ነው፣ ወደ ኔጋቲቭ የሚመለሰው ማለት ነው፤ እሱ ተቋርጦ እንዳይሆን እየው። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተህ ሶኬቱን ንቀልና የኮይሉን ኦም ለካ። በብዙ መኪኖች ከ3 እስከ 5 ኦም አካባቢ ነው። ሜትሩ ንባብ ካልሰጠ (መስመሩ እንደተቋረጠ ካሳየ) ኮይሉ ተቃጥሏል። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ውስጡ ሾርት አድርጓል፤ እንዲህ ያለው ፊውዝ ይበላል።

ኦሙ ደህና ከሆነ በሳህኑና በፑሊው መካከል ያለውን ክፍተት እይ። ፊለር ጌጅ በሚባሉት ስስ የብረት መለኪያ ቅጠሎች ነው የሚለካው። በአብዛኛው ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ትክክለኛው ቁጥር የመኪናህ ማንዋል ላይ አለ። ሳህኑ ከዓመት ዓመት ሲበላ ክፍተቱ እየሰፋ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ ማግኔቱም አይደርስበትም። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ይይዛል፣ ትንሽ ከተነዳ በኋላ ይለቃል፣ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይይዛል። ኮይሉ ሲሞቅ ኦሙ ስለሚጨምር የመሳብ ኃይሉ ይቀንሳልና። ያንተም ከመጥፋቱ በፊት እንዲህ አያደርግህም ነበር? መለስ ብለህ አስብ።

መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል ነው። የሳህኑ መሀል ቡሎን ይፈታል፣ ሳህኑ ይወጣል፣ ከሥሩ ካሉት ስስ ሮንዴላዎች አንዱ ይነሳል፣ ክፍተቱም ይጠባል። ጋዙ አይነካም። ክላቹ ጨርሶ ካለቀም ክላቹን ብቻ መቀየር ይቻላል። ሙሉ ኮምፕሬሰር ሊገዛ የሄደ ስንቱ ሰው ችግሩ አንዲት ሮንዴላ ሆና ተገኝታለች!

ኤሌትሪክ ካልደረሰ ወደ ኋላ እየተከተልክ ሂድ። ፊውዙን እይ፤ በዓይን ብቻ ሳይሆን በሜትር። ቀጥሎ ሪሌው ነው፣ ለክላቹ ኤሌትሪኩን የሚያገናኘው ማብሪያ። ሳጥኑ ውስጥ ቁጥሩና እግሩ አንድ የሆነ ሌላ ሪሌ፣ ለምሳሌ የጡሩንባው፣ ካለ አቀያይረህ ሞክር።

እነሱ ደህና ከሆኑ የጋዙ ነገር ይመጣል። መስመሩ ላይ የግፊት መቆጣጠሪያ አለ፤ ጋዙ ሲያልቅ ኮምፕሬሰሩ እንዳይነሳ ያግዳል። የግፊት ጌጅ ያለው ሰው ሞተሩ ጠፍቶ፣ መኪናው ቀዝቅዞ እያለ ይለካልህ። አር 134ኤ የሚባለው የኤሲ ጋዝ በ25 ዲግሪ ሙቀት ወደ 80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ያነባል። 20 ወይም 30 ላይ ካገኘኸው ጋዙ ፈሷል። በሁለት ወር ያለቀ ጋዝ ደግሞ ቀዳዳ አለው ማለት ነው፤ ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መጨመር ወንፊት ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። በተቃራኒው በዚያው ሙቀት ከ80 በጣም ከበለጠ ጋዙ ውስጥ አየር ወይም ሌላ ጋዝ ተቀላቅሏል፤ ሁሉም ወጥቶ እንደ አዲስ መሞላት አለበት። አንድ ነገር ልብ በል፦ 80 ማንበቡ ጋዝ መኖሩን እንጂ ሙሉ መሆኑን አይነግርህም። ግማሽ ቢሆንም ያው 80 ነው የሚያነበው።

አንዳንዱ እዚህ ላይ መቆጣጠሪያውን በሽቦ አገናኝቶ ያስነሳውና «ሠራልህ» ብሎ ይሸኝሃል። እንዳትፈቅድ! የኮምፕሬሰሩ ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ነው። ጋዝ ከሌለ ዘይትም አይመለስለትም፤ በደረቁ ዞሮ ዞሮ ያኔ በእውነት ይሞታል። ባለ ሦስት ሽቦ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማብሪያ ማጥፊያ ሳይሆን ሴንሰር ነው፤ ማገናኘቱ ሌላ ጥፋት ያመጣል።

ጋዙም ደህና ከሆነ ትእዛዙን የከለከለው ኮምፒውተሩ ነው። የሞተር ሙቀት ከልክ ሲያልፍ ይከለክላል። የማቀዝቀዣው ሴንሰር ተበላሽቶ «በረዶ ሠርቷል» ሲለውም ይከለክላል። ይህን በግምት አታገኘውም። ስካነር (ኮምፒውተሩን የሚያነብ መሣሪያ) ተሰክቶ የኤሲ ጥያቄው፣ ግፊቱና የሴንሰሩ ሙቀት በቀጥታ ይነበብ። ሙቅ ቀን ላይ ከዜሮ በታች የሚያነብ ሴንሰር ካየህ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ይህን ለምታነቡ ሌሎች ደግሞ፦ አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ክላች ጭራሽ የለም። ሳህኑ ሁልጊዜ ከፑሊው ጋር ይዞራል፣ ‹ጠቅ›ም አይልም፤ ለነሱ ይህ አለካክ አይሠራም። ሃይብሪድና የኤሌትሪክ መኪና ላይ ብርቱካናማ ሽቦ የሚገባበት ኮምፕሬሰር ካያችሁ እጃችሁን አንሱ። የሚገድል ቮልት ነው ያለው፣ ለሠለጠነ ሰው ተዉት።

ወዳንተ ልመለስ። ጋዙ ፈሶ ከተገኘ ቱቦዎቹ የሚጋጠሙበትን፣ የኮንደንሰሩን (ከራዲያተሩ ፊት ያለውን የኤሲ ራዲያተር) ታችና የኮምፕሬሰሩን ፊት በባትሪ መብራት እይ። አቧራ የያዘ የዘይት እርጥበት ያለበት ቦታ ላይ ነው የሚያፈሰው። ጋዝ የሚሞላባቸው ሁለት አፎች ላይም የሳሙና አረፋ ቀባ፤ ክዳናቸው ከጠፋ መጀመሪያ እነሱን ጠርጥር። ከተጠገነ በኋላ መስመሩ ውስጥ ያለው አየር ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በቫክዩም ፓምፕ ይሳብ። ጋዙም ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ በተጻፈው ግራም ልክ በሚዛን ይሞላ። «ቱቦው እስኪያልበው» ብሎ በእጁ እየዳሰሰ የሚሞላ ካጋጠመህ መኪናህን ይዘህ ውጣ።