ፋርማኮሎጂ እየተቀላቀለብሽ ላለሽው እህቴ (እና ለኤግዚት ኤግዛም ለምትዘጋጁ ነርሶች)

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት፣ "የመድሃኒት ክላሶቹን ከነሳይድ ኢፌክታቸው በሰንጠረዥ ጽፌ እሸመድዳለሁ፣ በማግስቱ ሁሉም ይደበላለቅብኛል፣ እናንተ እንዴት ነው የያዛችሁት?" ነው ያልሽው። ፒዲኤፍ የላኩልሽ ልጆች ተባረኩ፣ ግን ያንቺ ችግር የማቴሪያል እጥረት አይመስለኝም፣ ሰንጠረዡ ራሱ ነው። ሜዲካል ዋርድ ስለምሰራ መድሃኒቶቹን በየቀኑ ነው የምሰጣቸው፣ እና እኔ የገባኝ ነገር ምን መሰለሽ፣ ሳይድ ኢፌክት ብለን ለብቻው የምንሸመድደው አብዛኛው ነገር የመድሃኒቱ የራሱ ስራ ነው፣ ከልክ ሲያልፍ ወይ ያልፈለግንበት ቦታ ሲሰራ ነው ሳይድ ኢፌክት የምንለው። ስራውን ካወቅሽ ሳይድ ኢፌክቱን ራስሽ ታወጪዋለሽ።

በቤታ ብሎከር እንይ፣ እነ ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ መጨረሻቸው "ኦሎል" የሆኑት። የሚዘጉት ቤታ የሚባሉትን ሪሴፕተሮች (መድሃኒቱ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች) ነው፣ ቤታ አንድ በዋናነት ልብ ላይ ነው ያለው፣ ቤታ ሁለት ሳንባ ላይ (ልብ አንድ ነው ሳንባ ሁለት ነው ብለሽ ያዢው፣ አትረሺውም)። ልብ ላይ ሲዘጋ ፐልስ ይወርዳል፣ ቢፒ ይወርዳል፣ ለዚህ ነው የሰጠነው፣ ሲበዛ ግን ብራዲካርዲያ (ልብ ከልክ በላይ ቀስ ብሎ መምታት) ይሆናል። ፕሮፕራኖሎል ደግሞ ሁለቱንም ስለሚዘጋ አስም ያለበት ሰው ላይ የመተንፈሻ ቱቦውን ያጠበዋል። ስኳር ያለበት ሰው ከሆነ ደግሞ ስኳሩ ሲወርድ የልብ ምቱ መፍጠንም መንቀጥቀጡም ይደበቃል፣ ላብ ግን አይደበቅም፣ ስለዚህ እንዲህ አይነት በሽተኛ ካላበው ቶሎ ስኳሩን ለኪው። አየሽ፣ ብራዲካርዲያ፣ ብሮንኮስፓዝም፣ የተደበቀ ሃይፖግላይሴሚያ፣ ሶስቱም ከአንድ ነገር ነው የወጡት።

ኤሲኢ ኢንሂቢተር (እነ ኢናላፕሪል፣ ለደም ግፊትና ለልብ ድካም የሚሰጡት) ላይ አንድ ነገር ላጫውትሽ። አንድ አባት ለፎሎው አፕ መጥተው ሳል አላስተኛ አለኝ ይላሉ፣ ደረቅ ሳል ነው፣ አክታ የለው ትኩሳት የለው፣ ሌላ ቦታ አሞክሳሲሊን ወስደዋል፣ የሳል ሽሮፕም ጨርሰዋል፣ ለውጥ የለም። ቻርታቸውን ገልጠን ስናይ ኢናላፕሪል ከተጀመረላቸው ብዙም አልቆየም፣ ሳሉም ከዚያ ወዲህ ነው የመጣው። ዶክተሩ ወደ ሎሳርታን ቀየረላቸው፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሳሉ የለም። ኢናላፕሪል የሚዘጋው ኢንዛይም (ኤሲኢ) ብራዲካይኒን የሚባለውን የሰውነት ኬሚካልም የሚሰብረው እሱ ነው፣ ሲዘጋ ብራዲካይኒን ይጠራቀምና ሳል ያመጣል፣ እነ ሎሳርታን ደግሞ ኢንዛይሙን ስለማይነኩት ሳሉ እምብዛም የለም። የከንፈርና የምላስ እብጠቱም (አንጂዮኢዲማ) ከዚሁ ከብራዲካይኒን ነው፣ እሱ ግን ድንገተኛ ነው፣ አየር መንገድ ይዘጋል፣ መድሃኒቱ ዳግመኛ አይሰጥም። በተጨማሪ አልዶስቴሮን የሚባለውን ሆርሞን ስለሚቀንስ ፖታሲየም ሰውነት ውስጥ ይቀራል፣ ስፓይሮኖላክቶንም ፖታሲየም ስለሚያስቀር አብረው ከታዘዙ የፖታሲየም ምርመራው ተሰርቷል ወይ ብለሽ ጠይቂ። እርጉዝ ላይ አይሰጥም፣ ሎሳርታንም እንደዚሁ። ሌሎቹ የግፊት መድሃኒቶች፣ እነ አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን (ካልሲየም ቻነል ብሎከሮቹ)፣ የደም ስር ስለሚያሰፉ እግር ማበጥ፣ ራስ ምታት፣ ፊት መጋል ነው፣ በቃ።

አሁን ፈተናም የሚወደው ዋርድ ላይም በየቀኑ የምታገኚው፣ የልብ ድካም በሽተኛ ላሲክስና ዲጎክሲን አንድ ላይ ሲወስድ። እኛ ጋ የሪውማቲክ ልብ ህመም ብዙ ስለሆነ ይሄን ቻርት ደጋግመሽ ታዪዋለሽ። ላሲክስ (ፉሮሴማይድ) ውሃውን ሲያስወጣ ፖታሲየሙንም ይዞት ይወጣል። ዲጎክሲን ደግሞ ከፖታሲየም ጋር አንድ ቦታ ላይ ነው የሚሻሙት፣ ፖታሲየሙ ሲያንስ ዲጎክሲኑ ተፎካካሪ አጣና ቦታውን ሁሉ ይይዛል፣ ዶዙ ሳይጨመር ቶክሲሲቲ (መመረዝ) ይመጣል። መጀመሪያ የሚታየው ምግብ እምቢ ማለት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ ነው፣ ቢጫ ሆኖ ታየኝ የሚልም አለ። ስለዚህ የልብ ድካም በሽተኛ ዛሬ ምግብ አስጠላኝ ካለሽ የሆስፒታሉ ምግብ ነው ብለሽ አትለፊው፣ ዲጎክሲን ላይ ነው ወይ ብለሽ እዪ። ዲጎክሲን ከመስጠትሽ በፊት ኤፒካል ፐልስ (ደረት ላይ በስቴቶስኮፕ የሚሰማውን የልብ ምት) ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ፣ አዋቂ ላይ ከ60 በታች ከሆነ መድሃኒቱን ሳትሰጪ ለሃኪሙ አሳውቂ። ለምን ከእጅ ላይ አይሆንም ካልሽ፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የልብ ምት መዘበራረቅ) ካለበት ሁሉም ምት እጅ ላይ አይደርስም፣ 15 ሰከንድ ቆጥረሽ በ4 ብታባዢው ያሳስትሻል። ላሲክስን በደም ስር ስትሰጪ ደግሞ ቀስ ብለሽ ነው፣ ብዙ ዶዝ በፍጥነት ሲገፋ ጆሮ ይጎዳል፣ ጄንታማይሲንም ጆሮና ኩላሊት ስለሚጎዳ ሁለቱ ሲገናኙ ይብሳል።

የቲቢ መድሃኒቶች የግድ ናቸው፣ አይቀሩም። ሪፋምፒሲን ሽንት፣ እንባ፣ ላብ ያቀላል፣ ጉዳት የለውም፣ ግን ቀድመሽ ካልነገርሻቸው ሰዎች ደም ሸናሁ ብለው ደንግጠው መድሃኒቱን ያቆማሉ፣ ማቆሙ ነው ጉዳቱ። የጉበት ኢንዛይም ስለሚቀሰቅስም ሌሎቹን መድሃኒቶች ቶሎ ያስጨርሳል፣ የወሊድ መከላከያ ፒልስ ይከሽፋል፣ ዶሉቴግራቪር (የኤችአይቪ መድሃኒት) የሚወስድ ሰው በቀን አንዴ የነበረው 50 ሚሊግራም ሁለት ጊዜ ይሆንለታል። አይዞኒያዚድ ቫይታሚን ቢ 6 ስለሚያሳጣ እጅና እግር ያደነዝዛል፣ ፒሪዶክሲን አብሮ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ፒራዚናማይድ ዩሪክ አሲድ ይጨምራል፣ መገጣጠሚያ ያማል። ኢታምቡቶል አይን ነው፣ ቀይና አረንጓዴ መለየት ያቅታቸዋል። ጉበት የሚጎዱት ሶስቱ ናቸው፣ ኢታምቡቶል እዚያ ውስጥ የለም፣ ይቺን ፈተና ላይ ያመጧታል።

ማግኒዚየም ሰልፌት (ለፕሪኤክላምፕሲያና ለኤክላምፕሲያ፣ ማለትም በእርግዝና ግፊት ለታመሙ እናቶች የምንሰጠው) ላይ ሲበዛ የሚመጣውን ቅደም ተከተል ያዢ፣ ጡንቻና ነርቭ ነው የሚያዝለው፣ መጀመሪያ የጉልበት ሪፍሌክስ ይጠፋል፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ልብ። የሚቀጥለውን ዶዝ ከመስጠትሽ በፊት ሪፍሌክስ አለ ወይ፣ ትንፋሽ በደቂቃ ቢያንስ 16 ነው ወይ፣ ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ነው ወይ። አንቲዶቱ (ማርከሻው) ካልሲየም ግሉኮኔት አልጋው አጠገብ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፣ እናትየዋ ትንፋሽ ካጠራት በኋላ ፋርማሲ መሮጥ የለም።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል፣ የሄፓሪን አንቲዶት ፕሮታሚን ነው የዋርፋሪን ደግሞ ቫይታሚን ኬ፣ ሞርፊን ከመስጠትሽ በፊት ትንፋሽ ቁጠሪ አንቲዶቱ ናሎክሶን ነው፣ ቫንኮማይሲን ከአንድ ሰዓት ባላነሰ ጊዜ ይንጠባጠብ፣ ፖታሲየም ክሎራይድ መቼም መቼም በቀጥታ ደም ስር አይገፋም። ኢንሱሊን ስትቀላቅዪ ጥርት ያለውን ሬጉላር መጀመሪያ ቅጂ ከዚያ ደፍራሹን ኤንፒኤች፣ ጠዋት ኤንፒኤች የተወጋ ሰው ስኳሩ የሚወርድበት ከሰዓት አካባቢ ስለሆነ ምሳውን መብላቱን ጠይቂ።

አሁን ሰንጠረዡን ተዪውና ለክሊኒካል አታችመንት ስትወጪ የአንድ በሽተኛ ቻርት ያዢ፣ እያንዳንዱ መድሃኒት ላይ ምን ይሰራል፣ ሲበዛ ምን ይሆናል፣ ከመስጠቴ በፊት ምን ልለካ ብለሽ ጻፊ። የልብ ድካም በሽተኛ ካለ ከሱ ጀምሪ፣ አንድ ቻርት ላይ አራት አምስት ክላስ ታገኛለሽ። የሳይካትሪዎቹን ሆን ብዬ ነው ያልነካኋቸው፣ ረዘመብኝ፣ እነ ሃሎፔሪዶልና ሊቲየም ከፈለግሽ እዚሁ ጻፊልኝና ማታ ከዱቲ ስወጣ እመልስልሻለሁ።