«ሰው ሲበላ ዐይኔን እሰብራለሁ»

ውድ ጠያቂያችን፣ ከጎንደር የላኩልን ደብዳቤ ደርሶናል። እናትዎ በጎንደር አቅራቢያ ባለችው ወለቃ ሸክላ ሠሪ እንደሆኑ፣ በትዳር ሰባት ዓመት እንደቆዩ፣ ሆኖም እርስዎ በገቡ ቁጥር አማትዎ የአራስ ልጅ ፊት በነጠላ እንደሚሸፍኑ፣ ባለቤትዎም «ተይ፣ አርጅታለች፤ ለክፋት አይደለም» እያሉ እንደሚያልፉት ጽፈዋል። በቅርቡ ደግሞ የስድስት ዓመት ልጅዎ «እማዬ፣ ቡዳ ነሽ እንዴ?» ብላ ጠይቃዎታለች።

ደብዳቤዎን ሳነብ የቆምኩት «ሰው ሲበላ ዐይኔን እሰብራለሁ፤ የሰው ልጅ ሲያምርም አላደንቅም» ያሉት ላይ ነው። በየማዕዱና በየቡናው ዙሪያ የገዛ ዐይንን ሲጠብቁ መዋል ከባድ ሥራ ነው፤ ማንም አያየውም፣ ማንም አያግዝም። ንቀትን ሁልጊዜ የሚጠብቅ አእምሮ ሰውነትን አደጋ እንደመጣበት ሰው ዝግጁ አድርጎ ያቆየዋል፤ ልብ ይመታል፣ ትከሻ ይገታተራል፣ እንቅልፍም ይርቃል። የነገሩኝ ራስ ምታትና ሌሊት መባነን ከዚህ ሊመጣ ይችላልና የእርስዎ ድክመት አድርገው አይቁጠሩት። ቁስሉ ሳይሽር በላዩ ሌላ ስለሚጨመር፣ «ትንሽ ነገር ናት» የሚባለው ሁሉ ትንሽ አይደለም።

ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪውን በቡዳነት መፈረጅ በአገራችን የቆየ በደል ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ ይሁንና አዋጅ እልፍኝ ገብቶ ነጠላ አይገልጥም። እልፍኝ ውስጥ መናገር የሚችሉት ባለቤትዎ ናቸው። ምራት ለአማቷ ብትናገር እንደ ድፍረት ይቆጠርባታል፤ ልጅ ለእናቱ ሲናገር ግን ይሰማል። ስለዚህ ከጠብ ማግስት ሳይሆን ረጋ ባለ ምሽት፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ያነጋግሯቸው። «እናትህ ክፉ ናት» ካሉ እናታቸውን ወደ መከላከል ይሄዳሉ፤ «ነጠላው ሲሸፈን አንተ ዝም ስትል ብቻዬን ቀረሁ» ቢሉ ግን ስለ ራስዎ ነውና ለመካድ ይቸግራል። በልማዳችን ሽማግሌ መላክ ቢቀናም፣ በዚህ ጉዳይ «ቻይው» ብለው የሚመልሱ ሽማግሌዎች እንዳይገጥሙዎት ስለምሰጋ በእነርሱ አልጀምርም።

እስከዚያው በሚያምኗት ጓደኛ ቤት ቡና ሲጠጡ ዐይንዎን ቀና አድርገው ልጇን «እንዴት ታምራለች» ይበሉ። መጀመሪያ ይከብዳል፤ ደጋግመው ያድርጉት። እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከቀጠለ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይታዩ።

ከሁሉ ይልቅ የልጅዎ ጥያቄ ሳይመለስ አይደር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኬኔዝና ማሚ ክላርክ የተባሉ ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ለጥቁር ሕፃናት ነጭና ጥቁር አሻንጉሊት ሲያቀርቡ፣ ብዙዎቹ ነጩን «ጥሩው» ብለው መርጠዋል። ልጆች ስለ ዘራቸው የሚባለውን ከምናስበው ቀድመው ይሰማሉ፤ ዝምታችንንም እንደ ማረጋገጫ ይወስዱታል። «አይደለሁም፤ ሰዎች ሸክላ የሚሠሩትን በውሸት እንዲህ ይላሉ፣ እኔንም ያሳዝነኛል» ብለው በግልጽ ይንገሯት። ከዚያም ቅዳሜ ወደ ወለቃ ይዘዋት ይሂዱ፤ አያቷ ጀበና ሲያበጁ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ እጇ ጭቃ እስኪሆን ታቡካ።